ደላላው በአስፋልት ነው የሚሄደው፦ «ሞያሌ ይታጠር» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «ሞያሌ ይታጠር» የሚል አቋም የያዘ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር አየሁ፤ ሁለቴ አነበብኩት። የጸሐፊው ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከሐዲያ፣ ከከምባታና ከአካባቢው ወጣቱ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚነጉደው የኢትዮጵያና የኬንያ ድንበር ልቅ ስለሆነ ነው። ስለዚህ አጥር ይሠራ፣ ቦይ ይቆፈር፣ ሠራዊት ይስፈር፣ የሞያሌ የጋራ ኬላ ይዘጋ፣ ወዲህና ወዲያ የሚመላለሰው የቦረና ሕዝብ በመታወቂያ ይገደብ፣ የተያዘ ስደተኛም እንደ ወንጀለኛ ይቀጣ። ከኬንያ ጋር ተባብሮ መሥራት የሚባለው ነገር ደግሞ በእርሳቸው ዓይን ከወረቀት ያለፈ ዋጋ የለውም።

ቁጣቸው ይገባኛል። ልጁ የት እንደወደቀ ሳያውቅ ድንኳን ጥሎ ያለቀሰ ቤተሰብ ያየ ሰው መቆጣቱ አይገርምም። የጽሑፉ ችግር ሌላ ቦታ ነው፤ ዱላው ሁሉ የወረደው በተሻጋሪው፣ በአርብቶ አደሩና በጎረቤት አገር ላይ ሲሆን ደላላው በመሐል ሾልኮ አምልጧል።

ከድንበሩ ልቅነት ልጀምር። ከኬንያ የሚያዋስነን ድንበር ወደ 860 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው ሜዳና ቁጥቋጦ ነው። አሻጋሪዎች በሌሊት፣ በእግርና በሞተር፣ ኬላውን ዞረው ሰው ያሳልፋሉ። ይህ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ልጁ ሞያሌ እንዴት ደረሰ? ከሆሳዕና የተነሳ ሰው በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በሀገረ ማርያም፣ በያቤሎና በሜጋ አልፎ ነው ሞያሌ የሚገባው። ከአዲስ አበባ የተነሳ ደግሞ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አስፋልት ይጠብቀዋል። በየከተማው መግቢያና መውጫ ገመድ የተወጠረበት ፍተሻ አለ። ድንበሩን ከተሻገረ በኋላም በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አድርጎ ናይሮቢ የሚያደርሰው ዋና መንገድ አንድ ነው፤ እርሱም ሌላ 700 ኪሎ ሜትር አልፎ የሚሄድ፣ የኬንያ ፖሊስ በየቦታው የቆመበት መንገድ ነው። በቁጥቋጦ ውስጥ የሚያልፈው አንድ ሌሊት ቢሆን ነው። ቀሪው ጉዞ በመኪና፣ በመንገድ ላይ፣ ሾፌር፣ ታርጋና የመኪና ባለቤት ባለበት ሁኔታ የሚፈጸም ነው። ከ1,500 ኪሎ ሜትር አስፋልት ላይ ዓይናችንን አንስተን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቁጥቋጦ እንጠር ማለት ምን የሚሉት ጥበቃ ነው?

ጸሐፊው «ኬንያ ራሷ በሶማሊያ በኩል ግንብ ጀምራ የለም ወይ» ብለው ይጠይቃሉ። ጀምራለች። በመጋቢት 2007 አልሸባብ በጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 148 ሰዎችን በገደለበት ሰሞን፣ ወደ 700 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን ድንበር ማጠር ትልቅ አጀንዳ ሆኖ ነበር። ዓመታት አልፈው የታየው ማንዴራ አካባቢ የቆመ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሽቦ አጥር ነው። ነዋሪው ተቃወመ፣ ወጪው በፓርላማ ጥያቄ አስነሳ፣ ሥራው ቆመ። ምሳሌውን ያመጡት እርሳቸው ናቸውና መጨረሻውንም አብረው ቢነግሩን ጥሩ ነበር።

ከዚህ የሚከብደው ነገር ደግሞ የመንገዱ ቁጥጥር ሲጠነክር ስደት መልኩን የሚቀይር መሆኑ ነው። በመጋቢት 2012 ከማላዊ ወደ ሞዛምቢክ የገባ አንድ የጭነት መኪና በቴቴ ክፍለ ሀገር ሲፈተሽ፣ የተቆለፈው ኮንቴይነር ውስጥ 64 ኢትዮጵያውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የወጡት 14 ናቸው። ከዚያ በፊት በሰኔ 2004 ታንዛኒያ ዶዶማ አካባቢ ከ40 በላይ ሰዎች በተመሳሳይ ሁኔታ አልቀዋል። በጥቅምት 2015 ሰሜን ማላዊ ምዚምባ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ናቸው ተብሎ የታመነባቸው 25 ሰዎች የተቀበሩበት የጅምላ መቃብር ተገኘ። በታኅሣሥ ደግሞ በሉሳካ ዳርቻ 27 አስከሬኖች ተጥለው ታዩ። እነዚህ ሰዎች ኮንቴይነር የገቡት አውቶቡስ ስለጠሉ አይደለም። ፍተሻው በጠነከረ ቁጥር አሻጋሪው ዋጋ ይጨምራል፣ ሰውን ደግሞ ከወንበር አንስቶ እንደ ዕቃ ይጭነዋል። አጥር ሲሠራ ደላላው ሥራ ይፈታል ብሎ የሚያስብ ሰው የደላላውን ገበያ አያውቅም፤ አጥር ለእርሱ የዋጋ ጭማሪ ማስታወቂያ ነው።

ይህ በሌላም አገር ተሞክሮ ታይቷል። ኒጀር በ2007፣ የአውሮፓ ኅብረት ግፊትና ገንዘብ ታክሎበት፣ ስደተኛ ማሻገርን በከባድ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። የበረሃው ጉዞ መነሻ በሆነችው አጋዴዝ ከተማ መኪኖች ተወረሱ፣ ሾፌሮች ታሰሩ። በተለመደው መስመር የሚታየው ፍሰት ቀነሰ፤ የቀረው ግን ከውሃ ጉድጓድና ከወታደር ዓይን ርቆ በበረሃው ሆድ መጓዝ ጀመረ። ሕጉን በኅዳር 2016 ወታደራዊው መንግሥት ሻረው፣ መኪኖቹም ወደ መንገዳቸው ተመለሱ። እኛም ከራሳችን ታሪክ የምናውቀው አለ። በጥቅምት 2006 ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ሲከለከል ሕጋዊው በር ተዘጋ፤ ክልከላው ገና ሳይነሳ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016፣ ከአፍሪካ ቀንድ ባሕር አቋርጦ ጦርነት ላይ ወዳለችው የመን የገባው ሰው ከ117 ሺህ በላይ ሆኖ ተመዘገበ። አብዛኛው የእኛው ሰው ነበር።

የጋራ ኬላው ይዘጋ የሚለውን ነጥብ ቶሎ ልለፈው፤ ከአሠራሩ ጋር አለመተዋወቅ ነው። በኅዳር 2013 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት ኬላ፣ ቀድሞ መንገደኛው ሁለት ቦታ ተሰልፎ ሁለት ጊዜ ይፈጽመው የነበረውን መውጫና መግቢያ በአንድ ቦታ የሚጨርስበት ነው። የኢትዮጵያና የኬንያ ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በዚያ መስኮት የሚያልፈው ፓስፖርት የያዘና ስሙን ያስመዘገበ ሰው ነው። ጸሐፊው የሚያስጨንቋቸው ወጣቶች ግን፣ እርሳቸው ራሳቸው እንደጻፉት፣ ኬላውን ዞረው ነው የሚሄዱት። የሚዞሩትን ለመያዝ የማይዞሩበትን መዝጋት እንዴት ያለ ስሌት እንደሆነ አልገባኝም። የሁለቱ አገር ሹሞች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ቦታ ይኸው ነው፤ እርሱን አፍርሰን መረጃ በምን ልንለዋወጥ ነው?

ሠራዊት ይስፈር ስለሚለው ደግሞ ሞያሌን ጠይቁ። መጋቢት 1 ቀን 2010 ሠራዊቱ በሞያሌ ከተማ ቢያንስ 9 ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ፤ መንግሥትም ድርጊቱ በተሳሳተ መረጃ የተፈጸመ መሆኑን አመነ። በቀናት ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ ሰው ወደ ኬንያ ሞያሌ ሸሸ። ልጅ ያዘለች እናት ተሻግራ ነፍሷን ያዳነችው ጸሐፊው ቦይ ይቆፈርበት በሚሉት መሬት ላይ ነው። ከዚያ በፊት በ2006 በኬንያው ሞያሌ ግጭት ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደ እኛ ሸሽቶ ነበር። ድንበሩ ሁለቱም ሕዝቦች በየተራ የተጠለሉበት ነው። በአካባቢው የታጠቁ ቡድኖች መኖራቸውን፣ የጦር መሣሪያና የኮንትሮባንድ ዝውውሩን አልክድም፤ ለዚያ የጸጥታ ኃይል ያስፈልጋል። ነገር ግን ጥይት የሚያሻግረውን ለማግኘት የሚረዳው የአካባቢው ሰው የሚሰጠው ጥቆማ ነው። ጥቆማ የሚሰጠውን ሕዝብ በጅምላ ተጠርጣሪ ካደረጉት በኋላ ማን ይነግራቸዋል?

እዚህ ላይ የቦረናው ነገር ይመጣል። ጸሐፊው በድንበሩ ዙሪያ ያለው ሕዝብ ሁሉ በአሻጋሪነት የሚኖር ይመስል ጽፈዋል። ቦረና በሁለቱም አገር ያለ አንድ ሕዝብ ነው። በየስምንት ዓመቱ በኢትዮጵያ ምድር በሚካሄደው የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ፣ በጉሚ ጋዮ፣ የማርሳቢት ቦረናዎችም ይቀመጣሉ፣ ሕጉም ለሁሉም ይሆናል። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ከብት ውሃና ሣር ያለበትን ተከትሎ ይሄዳል፤ የድንበር ምልክት አያነብም። ገብራውም፣ ገሪውም፣ ቡርጂውም በሁለቱም ወገን ዘመድ አለው። በዚህ መሐል በሞተር ሰው እያመላለሰ ገንዘብ የሚያገኝ ወጣት የለም አልልም፣ አለ። እርሱ ግን የሰንሰለቱ ጭራ ነው። ሆሳዕና ተቀምጦ ልጅ የሚመለምለውን፣ ናይሮቢ ቤት የተከራየውን፣ ጆሃንስበርግ ሆኖ ክፍያ የሚያዘውን ትቶ ባለ ሞተሩን ማሳደድ ለሪፖርት ይመች ይሆናል።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። ጸሐፊው ኬንያን ባለመተባበር ሲከሱ በእኛው በኩል ያለችው ሞያሌ ራሷ በሁለት ክልሎች፣ በኦሮሚያና በሶማሌ፣ የምትተዳደር ከተማ መሆኗን አላነሱም። አንድ ደላላ ከአንዱ ክልል አስተዳደር ወደ ሌላው ለማለፍ መንገድ መሻገር ይበቃዋል። ከናይሮቢ ጋር አልተናበብንም ብለን ከማማረራችን በፊት በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉት ሁለት ፖሊሶቻችን ምን ያህል ይናበባሉ?

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ከኬንያ ጋር መተባበር ወረቀት ነው ወደሚለው። በከፊል እስማማለሁ። ትብብር የምንለው በተግባር ምን ሆኖ ኖረ? ኬንያ ውስጥ ወጣቶች ደላላ በደበቃቸው ማቆያ ቤት ወይም በጭነት መኪና ይያዛሉ። ያለ ፈቃድ በአገሪቱ ተገኝታችኋል ተብለው ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፣ ይቀጣሉ፣ ይታሰራሉ፤ ከዚያ ሞያሌ ድረስ መጥተው ርክክብ ይፈጸማል። አበቃ። ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ዕዳው ያልተከፈለ ልጅ ደላላው በሚጠብቅበት ከተማ ላይ ይወርዳል። ብዙዎቹ ሌላ ሙከራ የሚጀምሩት ከዚያው ነው። ሁለቱ መንግሥታት የተባበሩት ስደተኛውን በመመለስ ላይ ነው። ደላላውን በጋራ መርምሮ ለፍርድ ማቅረብ ግን ያን ያህል ሲሠራበት አላየንም። ጸሐፊው ከሸፈ የሚሉት ነገር ገና በወጉ ያልተሞከረ ነው።

ለምን በጋራ መሆን እንዳለበት ከገንዘቡ አመጣጥ መረዳት ይቻላል። ልጁ ሲነሳ ቤተሰቡ በሬ ሸጦ፣ መሬት አከራይቶ ወይም ተበድሮ ቀብድ ይሰጣል። ቀሪው በመንገድ ላይ ይጠየቃል። ማቆያ ቤት አስገብተው ስልክ ያስደውላሉ፤ አንዳንዴ ድምፁ የዱላ ነው። አባት የሚከፍለው እዚሁ ነው፤ በብር፣ በኢትዮጵያ ባንክ ሒሳብ ወይም በሐዋላ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የገንዘቡ ማስረጃ ኢትዮጵያ ባንክ ውስጥ አለ፣ የተደበደበው ምስክር ኬንያ እስር ቤት ውስጥ አለ፣ ቤቱን ያከራየው ሰው ናይሮቢ አለ፣ አለቃው ምናልባት ደቡብ አፍሪካ አለ። የኢትዮጵያ ዐቃቤ ሕግ ምስክር የለውም፣ የኬንያው ደግሞ የባንክ ሰነድ የለውም። ሁለቱ እስካልተገናኙ ድረስ ክስ አይቆምም። አጥሩ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት ሰዎች መካከል ነው።

ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ደግሞ ወደ ሊቢያ በሚወስደው በሰሜኑ መስመር ታይቷል። ኪዳነ ዘካርያስ ሀብተማርያም በሊቢያ ባኒ ዋሊድ ስደተኞችን አግቶ በማሠቃየትና ገንዘብ በማስከፈል የተከሰሰ ኤርትራዊ ነው። በየካቲት 2012 አዲስ አበባ ላይ የተያዘው ከተሠቃዩት አንዱ መንገድ ላይ አይቶ ስለለየው ነው፤ ማለትም በምስክር። ከዓመት በኋላ ከፍርድ ቤት አመለጠ፤ በሌለበት ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። በታኅሣሥ 2015 ሱዳን ውስጥ ዳግም የተያዘው የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፖሊስና ኢንተርፖል ከሌሎች አገሮች ጋር ሆነው ገንዘቡን ተከትለው ነው። «ወሊድ» በሚል የሚታወቀው ተወልደ ጎይቶምም እዚሁ ተከስሶ 18 ዓመት ከተፈረደበት በኋላ በ2015 መጀመሪያ ለኔዘርላንድስ ተላልፎ ተሰጠ። ከሁለቱ አንዱንም ያስያዘ ግንብ የለም። ያስያዛቸው ምስክር፣ የገንዘብ ዱካና የአገሮች መናበብ ነው። ኪዳነ ያመለጠው ደግሞ ድንበር ልቅ ስለነበር አይመስለኝም፤ ከፍርድ ቤት ግቢ ነው የወጣው።

ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው የሚነግደውንና በሕገ ወጥ መንገድ የሚያሻግረውን በከባድ ይቀጣል፣ ንብረቱን ለማገድና ለመውረስም ያስችላል። ኢትዮጵያም ኬንያም ስደተኛን በሕገ ወጥ መንገድ ማሻገርን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል አባላት ናቸው፤ ኬንያ ከ1997፣ እኛ ከ2004 ጀምሮ። የጎደለው በሞያሌና በናይሮቢ አብረው የሚሠሩ መርማሪዎች፣ በፍጥነት የሚላክ የባንክ መረጃ፣ ምስክር የሆነ ልጅ ከእስር ይልቅ መጠለያ የሚያገኝበት አሠራር ነው። ይህ ሁሉ ለሰልፍ አያምርም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም። ምናልባት ለዚህ ነው ብዙ ተናጋሪ የማይገኝለት።

ስደተኛው ይቀጣ የሚለው ነጥባቸው ከዚህ ጋር አብሮ ይወድቃል። አሁን የጠቀስኩት ፕሮቶኮል በአንቀጽ 5 ሰው በመሻገሩ ብቻ፣ የማሻገር ወንጀል ሰለባ ሆኖ ሳለ፣ በፕሮቶኮሉ መሠረት እንዳይከሰስ ይላል። አገሮች በራሳቸው የኢሚግሬሽን ሕግ ሊቀጡት ይችላሉ፤ ኬንያም ይህን ታደርጋለች። ሕጉን ትተን ጥቅሙን እንይ። ቀጣኸው፤ ከዚያስ? አፉን ዘጋህ። የደላላውን ስም፣ የከፈለበትን ሒሳብ ቁጥር፣ ያደረበትን ቤት የሚያውቀው እርሱ ነው። ቅጣት ሌሎችን ያስተምራል የሚሉት ደግሞ ከላይ የጠቀስኳቸው አስከሬኖች ያላስተማሩትን የሦስት ወር እስር ያስተምራል ማለታቸው ነው። ወንድሙ በጆሃንስበርግ የሐበሻ ገበያ በጄፒ ሱቅ ከፍቶ፣ ሌላው ሎኬሽን በሚባለው የደቡብ አፍሪካ የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ነግዶ ለቤተሰቡ ብሎኬት ቤት ሲያሠራ የሚያይ ልጅ የሚያወዳድረው እስርን ከመንደሩ የሥራ ዕድል ጋር ነው። የትኛው እንደሚከብደው ሆሳዕና ሄዶ መጠየቅ ነው።

የምሥራቅ አፍሪካ አገራት ድርጅት የሆነው ኢጋድ ያዘጋጀው የሰዎች ነፃ ዝውውር ፕሮቶኮልም በጽሑፉ ውስጥ ጎርፍ የሚለቅ ግድብ ሆኖ ቀርቧል። ፕሮቶኮሉን የአባል አገራት ሚኒስትሮች የተቀበሉት በየካቲት 2012 ካርቱም ላይ ነው። ጸሐፊው የረሱት ነገር ቢኖር ፓስፖርት የያዘ ኢትዮጵያዊ ኬንያ ለመግባት ከድሮም ቪዛ የማይጠየቅ መሆኑን ነው። የፈሩት በር ክፍት ነው፣ ኖሮም ያውቃል፤ ጎርፉ ግን በዚያ አልመጣም። ልጆቹ ቁጥቋጦውን የሚመርጡት አንድም ፓስፖርት ስለሌላቸው ነው፤ ክፍያው ከ2 ሺህ ወደ 5 ሺህ ብር ወጥቷል፣ ወረፋውንና ምልልሱን ሳንቆጥር። አንድም መድረሻቸው ኬንያ ስላልሆነ ነው። ከናይሮቢ ወዲያ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ ወይም ዛምቢያ፣ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ አለ፤ ደላላው የሚሸጠው ሙሉውን መንገድ ነው። ስለዚህ ከኬንያ ጋር ብቻ መነጋገር እንኳ አይበቃም። ስድስት አገር የሚያቋርጥን ንግድ በመጀመሪያው በር ላይ ግንብ ሠርቶ አቆማለሁ ማለት ቀሪዎቹን አምስት ለደላላው መተው ነው።

ጸሐፊው ከተናገሩት ሁሉ ያለ ምንም ማቅማማት የምስማማበት አንድ አንቀጽ አለ፤ ከሆሳዕና እስከ ሞያሌ ባሉ ኬላዎች ላይ የሚቆሙ አንዳንድ ሠራተኞች እጅ እያስነካኩ ያሳልፋሉ ያሉት። ልክ ናቸው። በኬንያም በኩል እንደዚያው ነው። በአንድ መኪና ታጭቀው የሚሄዱ አሥራ ምናምን ወጣቶች ያን ሁሉ ገመድ ያለፉት ስላልታዩ አይደለም። መኪናው የማን ነው? በየትኛው ኬላ፣ በየትኛው ፈረቃ አለፈ? ከማን ስልክ ተደውሎ ነበር? ይህ ሁሉ ሊጠየቅና ሊመዘገብ የሚችል ነገር ነው፤ ለመጀመርም የኬንያን ፈቃድ አይጠይቅም። እርሳቸው ግን ለዚህ ሦስት መስመር ሰጥተው ወደ አጥሩ ተመለሱ። አጥሩ ላይ ያዋሉትን ወረቀት ለዚያ አንቀጽ ሰጥተውት ቢሆን ኖሮ ይህን ምላሽ አልጽፍም ነበር።